ባለቤት የሌለው ቮልት

የሚሸጡልን ፍጥነት ለእኛ፣ አደጋውም ለእኛ የሚሆነው እስከ መቼ ነው?

አንድ ነጋዴ በገበያ መካከል ቆሞ «ይህች በቅሎ በአንድ ቀን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ታደርሳለች» ብሎ ካስነገረ በኋላ፣ በውሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ይህን ያህል ከተጋለበች ግን ስለ እግሯ አልጠየቅም» ብሎ ቢጽፍ፣ ገበያተኛው ስቆበት ያልፍ ነበር። በኮምፒዩተር ራም ገበያ ግን ይህ የዘወትር ንግድ ነው። በሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው ፍጥነት የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከደረጃው በላይ በሆነ ቮልት ነው፤ ያንን ቮልት መክፈት ደግሞ ራሙ የሚሰካበትን ኮምፒዩተር ልብ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን፣ ከዋስትና ሊያስወጣ ይችላል። ገዢው «ታዲያ በየቀኑ ቢሰጠው የማይጎዳው ቮልት ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ከወሬ አያልፍም። አንዱ 1.4 ይለዋል፣ ሌላው 1.45፣ ሦስተኛው «እኔ በ1.5 ሦስት ዓመት ሠርቼበታለሁ» ይለዋል። መልሱን ሊያውቁ የሚችሉት አምራቾች ግን ዝም ይላሉ።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው። ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የሚበጀው ቮልት ስንት እንደሆነ መፈለግ የገዢው ዕዳ ሊሆን አይገባም። ቁጥሩን አትሞ የሸጠ፣ ለቁጥሩ በሙሉ ይጠየቅ።

«ይህ የጌም ወዳጆች ጉዳይ ነው» ብሎ ለማለፍ የሚፈልግ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥቂት ይታገሠን። በሲያትልና በዙሪያዋ ያለን ኢትዮጵያውያን የግብር ሰነዶቻችን፣ የማኅበሮቻችን መዝገብ፣ የልጆቻችን የመመረቂያ ጥናት፣ የአነስተኛ ንግዶቻችን ሒሳብ የሚያልፉት በእነዚሁ ራሞች ነው። ከዚያም አልፎ አሮጌውን ኮምፒዩተር ጠቅልለን ወደ አገር ቤት እንልካለን። (ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በራም ውስጥ እያንዳንዱ ቢት የሚቀመጠው በአንዲት እጅግ ጥቃቅን ካፓሲተር ላይ በተጠራቀመ የኤሌክትሪክ ሙሌት ነው፤ በሯን የሚከፍተውና የሚዘጋው አንድ ትራንዚስተር ነው። ሙሌቱ እንደ ቀዳዳ እንስራ ስለሚያፈስ፣ በዲዲአር 4 በተለመደው ሙቀት በየ64 ሚሊሰከንዱ እያንዳንዱ ረድፍ ተነብቦ እንደገና ይሞላል። ቮልት ሲጨመር ትራንዚስተሮቹ ፈጥነው ይከፈታሉ፤ ምልክቱም ይጎላል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ይህ ግን ሁለት ዋጋ ያስከፍላል። አንደኛው ሙቀት ነው፤ በእኩል ፍጥነት ሲታይ የሚባክነው ኃይል የሚያድገው በቮልቱ ካሬ ልክ ነው። ሁለተኛው እርጅና ነው፤ በትራንዚስተሩ ውስጥ ያለው ስስ መከላከያ ሽፋን ከልክ ባለፈ ቮልት ሥር ቀስ እያለ ይዳከማል፤ የብረት መስመሮቹም በፍሰቱ ብዛት ይሸረሸራሉ። ሁለቱም በአንድ ሌሊት አይታዩም።

አምራቾቹ ራሳቸው ተሰብስበው ደረጃ የሚያወጡበት ጄዴክ የተባለው ማኅበር፣ ለዲዲአር 3 የወሰነው 1.5 ቮልት ነበር። በ2012 ለወጣው ዲዲአር 4 ወደ 1.2፣ በ2020 ለወጣው ዲዲአር 5 ደግሞ ወደ 1.1 አወረደው። በዲዲአር 4 የተፈቀደው መዋዠቅ ከ1.14 እስከ 1.26 ብቻ ነው። ትውልድ በተለወጠ ቁጥር ቮልቱ የወረደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕዋሶቹ አንሰዋል፤ ሽፋኖቹም ቀጥነዋል።

በገበያው ላይ የሚሸጠው ግን ሌላ ነው። በፈጣንነቱ የሚወደሰው ዲዲአር 4 ራም አብዛኛውን ጊዜ 1.35 ቮልት ይጠይቃል፤ 1.45ና 1.5 የተጻፈበትም ተሽጧል። በዲዲአር 5 ዘንድ 1.35ና 1.4 የተለመዱ ሆነዋል። ሒሳቡን እንሥራው። ከ1.2 ወደ 1.35 መውጣት 12.5 በመቶ ጭማሪ ይመስላል፤ በካሬው ሲሰላ ግን፣ ፍጥነቱ ሳይጨምር እንኳ፣ 27 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ነው። ከ1.1 ወደ 1.4 ሲሆን ደግሞ 62 በመቶ ይደርሳል። የፍጥነቱ ጭማሪ ከዚህ ላይ ይደመራል።

እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ ስሕተት መታረም አለበት። የዲዲአር 4 ደረጃ 1.5 ቮልትን «ፍጹም ጣሪያ» ብሎ ይጠቅሰዋል። ብዙዎች ይህን ሲያነቡ «እስከ 1.5 ድረስ ሰላም ነው» ብለው ይተረጉሙታል። የደረጃው ሐሳብ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ፍጹም ጣሪያ ማለት ከዚያ በላይ ዘላቂ ጉዳት ሊደርስ ይችላል ማለት ነው፤ በጣሪያው አጠገብ ለረጅም ጊዜ መቆየትም አስተማማኝነቱን ሊያጎድል እንደሚችል ሰነዱ ራሱ ያስጠነቅቃል። ድልድይ ላይ «ከ20 ቶን በላይ ይፈርሳል» የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍ፣ በየቀኑ 19 ቶን ተኩል ጭኖ የሚመላለስ ሾፌር ምልክቱን አክብሯል አይባልም።

ካልተቃጠለው ተጠንቀቅ

ስለ ቮልት ሲነሣ ሁሉም የሚያስበው ጭስን ነው። የተቃጠለ ራም ግን ታማኝ ራም ነው፤ መሞቱን ይናገራል። የሚያስፈራው ሳይሞት የሚዋሸው ነው። ከአንድ ሚሊዮን ቢት መካከል አንዷ ከዜሮ ወደ አንድ ብትገለበጥ፣ ፎቶግራፉ ላይ የማይታይ ነጥብ ልትሆን ትችላለች፤ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ግን ሌላ ቁጥር ትሆናለች። ተራው የቤት ኮምፒዩተር ስሕተትን የሚያርመው ኢሲሲ የተባለው የራም ዓይነት ስለማይገጠምለት፣ ጥፋቱን የሚመዘግብ ማንም የለም።

የዚህ ጉዳይ ምስክር ከደጃችን አይርቅም። ከሲያትል ሐይቁን ተሻግረን በምናገኛት ሬድመንድ፣ የማይክሮሶፍቱ መሐንዲስ ሬይመንድ ቼን በ2005 እንደጻፈው፣ ወደ ኩባንያው ከሚመጡት የብልሽት ሪፖርቶች መካከል ፈጽሞ ሊሆኑ የማይገባቸው ይገኙ ነበር፤ ሊሳሳት የማይችል አንድ መስመር ትእዛዝ ይሳሳታል። ሲጣራ ኮምፒዩተሮቹ ከተመደበላቸው ፍጥነት በላይ የሚሮጡ ሆነው ተገኙ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ ይህን አለማወቃቸው ነበር፤ ያፈጠነው የሸጠላቸው ነጋዴ ነው።

በ2011 ደግሞ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ወደ አንድ ሚሊዮን በሚጠጉ የተራ ተጠቃሚዎች ኮምፒዩተሮች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ፕሮሰሰራቸው ከልክ በላይ የተፋጠነባቸው ማሽኖች የመውደቅ ዕድላቸው እጅግ የበዛ ነበር፤ በአንደኛው አምራች ዘንድ ልዩነቱ ወደ ሃያ እጥፍ ይጠጋ ነበር። ጥናቱ የለካው የፕሮሰሰሩን ፍጥነት እንጂ የራሙን ቮልት አይደለም። የሚያስተምረው ሁለተኛ ቁም ነገር ግን ራምንም ይነካል፤ አንድ ጊዜ የሃርድዌር ስሕተት ያሳየ ማሽን ዳግመኛ የማሳየት ዕድሉ ከቀድሞው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በ2009 በጎግል ሰርቨሮች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ፣ በዓመት ውስጥ ከራም ሞጁሎቹ ከ8 በመቶ የሚበልጡት ቢያንስ አንድ ስሕተት እንደሚያሳዩና፣ ስሕተቱ ከ10 እስከ 18 ወራት ካገለገሉ በኋላ እየበዛ እንደሚሄድ ገልጿል። እነዚያ ሰርቨሮች የጌም ወዳጅ ቮልቱን የነካካባቸው ማሽኖች አልነበሩም። እንግዲህ አንድ ሌሊት የመፈተሻ ፕሮግራም አስኪዶ «አልፏል» ማለት፣ ስለዚያች ሌሊት እንጂ ስለ ሁለተኛው ዓመት የሚያስረዳው ነገር የለም።

አራት እጆች፣ አንድ ድምር

ኃላፊነቱ የት እንደሚጠፋ ለማየት ሰንሰለቱን እንከተል። ቺፑን የሚሠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን በደረጃው ቮልት ይሸጡታል። ሞጁል ሠሪው ቺፖቹን መርጦ ከፍ ባለ ቮልት ይፈትሽና አዲሱን ፍጥነት በሳጥኑ ላይ ያትማል። ኢንቴል በ2007 ባወጣው ኤክስኤምፒ፣ ኤኤምዲ በ2022 ባወጣው ኤክስፖ አማካይነት፣ ይህ ፍጥነት በባዮስ ውስጥ በአንድ ቁልፍ እንዲበራ አድርገዋል። ማዘርቦርድ ሠሪው ደግሞ ቁልፉ ሲነካ ሌሎችን ቮልቶች በራሱ ፈቃድ ከፍ ያደርጋል፤ ኮምፒዩተሩ ካልተነሣ የሚወቀሰው እርሱ ነውና።

በመጨረሻ ዋስትናውን ስናነብ የምናገኘው የሚከተለውን ነው። ሞጁል ሠሪው ሞጁሉን ብቻ ይለውጣል። ኤኤምዲ ከታተመው ልክ ውጭ የራምን ፍጥነትና ቮልት መቀየር፣ በራሱ በኤኤምዲ ሶፍትዌር ቢደረግ እንኳ፣ ዋስትናን እንደሚያስቀር በጽሑፍ ያስታውቃል። ኢንቴልም ፍጥነትንና ቮልትን መለወጥ ዋስትናን ሊያስቀር እንደሚችል ያስጠነቅቃል። አራቱም እጆች ድርሻቸውን አዋጥተዋል፤ ድምሩን የእኔ ነው የሚል ግን የለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ ነው።

ይህ ድምር ምን እንደሚያመጣ በ2023 የጸደይ ወራት ታይቷል። አንዳንድ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች በማዘርቦርዱ ላይ ተቃጥለው ተገኙ። ኤክስፖ ሲበራ ቦርዶቹ የሜሞሪ መቆጣጠሪያውን የያዘውን ክፍል ቮልት ከፍ ያደርጉት ነበር። ገዢው በስክሪኑ ያየው የራሙን 1.35 ነው፤ የተጎዳው ግን እርሱ ያልነካው ሌላ ቮልት ነው። ኤኤምዲ በቀናት ውስጥ ለዚያ ክፍል 1.3 ቮልት ጣሪያ እንዲበጅለት አደረገ። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። ጣሪያ ማበጀት ይቻላል፤ ያውም በጥቂት ቀናት። ቀድሞ ያልተበጀው ደግሞ ስላልተቻለ ሳይሆን ያስገደደ ስላልነበረ ነው። ከዚያ በፊትም በ2008 የኢንቴል ኮር አይ 7 ሲወጣ፣ ከ1.65 ቮልት በላይ የሆነ ራም ፕሮሰሰሩን ሊጎዳ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር። አምራች የራሱ ዕቃ ሲነካበት ቁጥር መናገር አያቅተውም።

የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ታሪክ ደግሞ ትሕትና ያስተምራል። ከ2022 ጀምሮ የተሸጡ ፕሮሰሰሮች ማንም ባያፈጥናቸው እንኳ ከልክ በላይ የሆነ ቮልት ይጠይቁ ነበር፤ ቀስ በቀስም ተጎዱ። ኩባንያው ምክንያቱን ያስታወቀው በ2024 ነው፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ሁሉም መሣሪያና መረጃ በእጁ ያለ አምራች የራሱን ቮልት ጉዳት ለይቶ ለመናገር ይህን ያህል ከቆየ፣ በሬንተን ወይም በሾርላይን አፓርታማው የተቀመጠ ገዢ በምን ብልሃት ይለየዋል?

የማግነሰን ውርስ

በሐይቁ ዳር ያለውን ማግነሰን ፓርክ የማያውቅ የሲያትል ነዋሪ ጥቂት ነው። ስሙን ያገኘው ከ1944 እስከ 1981 ዋሽንግተንን በሴኔት ከወከሉት ከዋረን ማግነሰን ነው። በ1975 የጸደቀው የአሜሪካ የዋስትና ሕግም ስማቸውን ይዟል። የሕጉ መንፈስ ግልጽ ነው። በጽሑፍ ዋስትና የሚሰጥ ነጋዴ ቃሉን በሚገባ ቋንቋ ይግለጽ፤ በአንድ እጁ ዋስትና እየሰጠ በሌላው እጁ፣ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት ይበቃል የሚለውን ከሕግ የሚመነጭ ዋስትና አይሰርዝ።

የዛሬው ጥያቄ «የተለመደ አገልግሎት» ምንድን ነው የሚለው ነው። በሳጥኑ ፊት 6000 ተብሎ የታተመበትን ራም በ6000 ማስኬድ የተለመደ አገልግሎት ካልሆነ፣ ምን ሊሆን ነው? ሕጉ ዕቃን ያለአግባብ ላበላሸ ሰው አይቆምም፤ ትክክልም ነው። አምራቹ ራሱ ያስተዋወቀውን፣ ያጸደቀውንና ቁልፍ ያበጀለትን አጠቃቀም «ያለአግባብ» ብሎ መጥራት ግን ቋንቋን ማዋረድ ነው።

ፍርድ ቤቶች ጉዳዩን ከዳር ነክተውታል። የማስታወቂያው ፍጥነት ዕቃው ከሳጥኑ እንደወጣ አይገኝም በሚል በካሊፎርኒያ የቡድን ክስ የቀረበበት ኮርሴር፣ በ2025 ጥፋት መፈጸሙን ሳያምን 5.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ክሱ ግን የፍጥነት ነው። ቮልቱ በሦስተኛው ዓመት በፕሮሰሰሩና በመዝገቡ ላይ ስለሚያደርሰው ነገር ማንም አልተጠየቀም።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«አዋቂ ሰው በገንዘቡ የፈለገውን አደጋ ይምረጥ» ይባላል። እስማማለሁ፤ የማሻሻል ነጻነትም እንዲነካ አልፈልግም። ምርጫ ግን ዕውቀት ይፈልጋል። የአደጋውን መጠን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ከሆነ፣ ገዢው መረጠ ሳይሆን ተጣለበት ነው የሚባለው።

«ሚሊዮኖች በ1.35 ቮልት ለዓመታት ያለ ችግር ሠርተዋል» ይባላል። ይህም በአመዛኙ እውነት ይመስለኛል፤ ለዲዲአር 4 1.35 የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም። እንግዲያውስ ዋስትናውን መፈረም ምን ያስቸግራል? ቮልቱ የማይጎዳ ከሆነ ፊርማው ምንም አያስወጣቸውም፤ የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ ሊሸጡት አይገባም ነበር። ሦስተኛ መንገድ የለም።

«ደረጃውን ጠብቁ ማለት ዘገምተኛ ሁኑ ማለት ነው» ይባላል። ይህ ጊዜው ያለፈበት ክርክር ነው። ዲዲአር 4 በ1.2 ቮልት እስከ 3200 ይደርሳል፤ የዲዲአር 5 ደረጃም በ2024 እስከ 8800 ድረስ ተራዝሟል። ደረጃው ይሮጣል፤ የሚጠይቀው ትንሽ ትዕግሥት ነው።

ትዕግሥቱ ደግሞ አሁን የግድ ሆኗል። ከጎረቤታችን አይዳሆ፣ ከቦይዚ የሚመራው ማይክሮን፣ ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ገዢ ይሸጥ የነበረውን ንግድ እንደሚተው በታኅሣሥ 2025 አስታውቋል፤ ቺፖቹን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ይሻሟቸዋልና። የራም ዋጋ ሲወደድ ሰው ያለውን ይዞ ይቆያል። ይዞ የሚቆይ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ፍጥነት ሳይሆን የአምስተኛውን ዓመት ጤንነት ነው የሚገዛው።

ምን ይደረግ?

ጥያቄዎቹ አራት ናቸው። አንደኛ፣ በሳጥኑ ፊት የደረጃው ፍጥነትና ቮልት ከተፋጠነው ቁጥር ጋር በእኩል ፊደል ይታተም። ሁለተኛ፣ ከደረጃው በላይ የሚሸጥ ቮልት ሁሉ በምን ሙቀት ለስንት ዓመት እንደተፈተሸ ይገለጽ። ሦስተኛ፣ ኤክስኤምፒን ወይም ኤክስፖን ያጸደቀ ኩባንያ፣ ያጸደቀው ፕሮፋይል ስለበራ ብቻ የፕሮሰሰርን ዋስትና እንዳያስቀር ይከልከል። አራተኛ፣ ማዘርቦርድ ለገዢው ሳያስታውቅ ሌላ ቮልት ከፍ እንዳያደርግ ይታገድ። እነዚህን ለመጠየቅ አዲስ መሥሪያ ቤት መክፈት አያስፈልግም፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የክፍለ ግዛታችን ዋና ዓቃቤ ሕግ አቤቱታ ይቀበላሉ። ከአንባቢዎቻችን መካከል ለመሥሪያ ቤታቸውና ለማኅበራቸው ኮምፒዩተር የሚያስገዙ አሉ፤ በጨረታ ሰነዱ ላይ «በደረጃው ቮልት፣ በሙሉ ዋስትና» የሚል አንድ መስመር መጨመር በእጃቸው ነው።

ለአገር ቤትም የምንለው አለን። የአሜሪካ ዋስትና ቦሌ ላይ ብዙ አይፈይድም፤ የተበላሸ ፕሮሰሰር ለመለወጥ የሚከፈለው የመላኪያ ዋጋ ብቻውን ተስፋ ያስቆርጣል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ራም የሚያስመጣ ነጋዴ የደረጃውን ቮልት በአማርኛ ቢጽፍ ከዚህ መንፈስ የራቀ አይሆንም።

ሕጉ እስኪመጣ ድረስ ለቤታችን የሚሆን ቁጥር ለሚፈልግ፣ አቋሜ ይህ ነው። የሰው ገንዘብ፣ የሰው መዝገብ ወይም የዓመታት ሥራ የሚይዝ ኮምፒዩተር ዲዲአር 4 ከሆነ በ1.2፣ ዲዲአር 5 ከሆነ በ1.1 ይሥራ፤ ከተቻለም ኢሲሲ ይኑረው። ለመዝናኛ የተገዛ ማሽን በሞጁሉ ላይ ከታተመው ቮልት አይለፍ፤ ፕሮፋይሉ ከበራ በኋላም ባዮስ ውስጥ ተገብቶ የሌሎቹ ቮልቶች ልክ ይታይ። ወደ አገር ቤት የሚላክ ኮምፒዩተር ደግሞ ከመታሸጉ በፊት ኤክስኤምፒው ይጥፋ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ይህ ሁሉ ግን ማስታገሻ ነው። ጥንቃቄያችን የሻጩን ኃላፊነት አይተካም። እነርሱ ቁጥሩን ሲያትሙ ደፋሮች ነበሩ፤ ሲፈርሙም እንዲሁ ደፋሮች ይሁኑ።